ሁለቴ የሚረገጠው ፍሬን

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ የምትቆመው መንገዱን በሚያየው ክፍል፣ ብርሃኑ ከግራዋ እንዲመጣላት ከመስኮቱ ሥር ነበር። በስተቀኝ ጨርቅ የሚቆረጥበት ሰፊ ጠረጴዛ አለ፤ ግድግዳው ላይ ያላለቁ ልብሶች በምስማር ተንጠልጥለው እጅጌያቸውን ይጠብቃሉ። ከበሩ ኋላ ደግሞ ቀሚስ የምትለካባት ራስ የሌላት ምስል ትቆም ነበር። ልጆች ሳለን ወደዚያ ክፍል ስንገባ አስቀድመን ለምስሏ «እንደምን አደሩ» ብለን እጅ እንነሳለን። አክስቴም ስፒሏን በከንፈሯ እንደያዘች «ደህና ናቸው፤ ዛሬ ብቻ ትንሽ ራሳቸውን አሟቸዋል» ትለን ነበር።

ስትሰፋ ዓይኗና እጇ ጨርቁ ላይ ናቸው። ጆሮዋ ግን ውጭ ነበር።

ባሏ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞሩ ተማሪዎችን በየክፍላቸው አሰልፈው ያነሳሉ። እሳቸው ራሳቸው ፊታቸው የማይፈታ ሰው ሆነው ሳለ ቀኑን ሙሉ «ፈገግ በሉ! አንተ ረጅሙ፣ ፈገግ በል እንጂ!» ሲሉ ስለሚውሉ፣ ሰፈሩ «ፈገግ በሉ» የሚል ስም አወጣላቸው። እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው።

ጋሼ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይላሉ፤ እኔ ሳውቃት ብዙ ጊዜ የታጠበ ጂንስ ትመስል ነበር። የኋላ ወንበሯ የካሜራ እግር፣ የመብራት ጃንጥላና ትናንሽ ልጆች የሚቆሙበት የእንጨት ደረጃ ተጭኖበት ስለሚውል፣ በዚያ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን አገጩ ሥር ሰብስቦ ነው።

የዚህች መኪና ፍሬን አመል ነበረው። ሁለቴ ካልተረገጠ አይዝም። መጀመሪያ ሲረግጡት መርገጫው እንደ ጥጥ ትራስ እየሰመጠ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናዋ ዝግ ትላለች እንጂ አትቆምም። እግርን አንስቶ ዳግመኛ ሲረግጡት ግን ጠንከር ብሎ ይይዛል። የአክስቴ ቤት ከቁልቁለት ግርጌ ስለሆነ፣ ጋሼ ሲመጡ በራችን ላይ ሁልጊዜ ፍሬን መያዝ አለባቸው። ያን ጊዜ ጎማዎቹ ውስጥ ያለው የፍሬን ሸራ ሁለት ጊዜ ይጮኻል፤ መጀመሪያ አጭርና ቀጭን፣ ቀጥሎ ረዘም ያለ፣ ልክ የተጠራ ሰው ቆይቶ «አቤት» እንደሚለው።

አክስቴ የመጀመሪያውን ስትሰማ እግሯን ከስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ ታነሳለች። ሁለተኛውን ስትሰማ ብድግ ትላለች። ጋሼ ካሜራቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተው ወደ በሩ ሲደርሱ፣ በሩ ተከፍቶ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ጊዜ ልታገባ የደረሰች ልጅ ቀሚሷን ስትለካ፣ ወገቧ ዙሪያውን በስፒል ተወጋግቶ ሳለ ያ ጩኸት ተሰማ። አክስቴ ስፒሉን ሁሉ እዚያው ትታ ወጣች።

«እኔን እንደ ጃርት አድርገሽኝ ወዴት ነው?» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

«መጣ።»

«ማን መጣ?»

«ስታገቢ ይገባሻል» አለች አክስቴ ከኮሪደሩ።

ጋሼ የፍሬኑ አመል የመጣው ከምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ኮፋኖው ሥር ያለው ዋናው የፍሬን ፓምፕ አርጅቷል፤ ውስጡ ያለው ጎማ ስለተበላ ዘይቱን በአንድ ርግጫ መግፋት አቅቶታል። አዲስ ፓምፕ ገዝተው ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጠውታል። እዚያው ተቀምጦ አቧራ ጠገበ።

«ይህን ነገር መቼ ነው የምትቀይረው?» አለቻቸው አክስቴ አንድ ቀን ሻይ ላይ።

«ነገ።»

«የአንተ ነገ እኮ አረጀ።»

«ደግሞስ እሱን ከቀየርኩት መምጣቴን በምን ታውቂያለሽ?»

«ገደል ከገባህማ ምኑን አውቄ!»

ጋሼ ሳቁ። ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ሻዩ በየትኛው ብርጭቆ እንደነበረ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

ኋላ ጋሼ ታመሙ። ሕመሙ ሲጸናባቸው አንዲት ልጃቸው ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሴት እንደምትወልድም ተነግሯት ነበር። አልጋቸው ላይ ሆነው ስለ ብዙ ነገር አልተናዘዙም፤ ስለ መኪናዋ ግን ተናገሩ። «የልጅ ልጄን ወደዚህ ቤት በሰው መኪና እንዳታመጧት። በእኛዋ ነው የምትመጣው። እኔ ከሌለሁ ወንድሜ ይንዳ።» ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ልጅቷ የተወለደችው እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው።

ወንድማቸው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ ሳይናገር ከመቀመጫው አይነሳም፤ «እንግዲህ ልነሳ ነው»፣ «ሻይዬን ልጠጣ ነው»፣ «ልስቅ ነው መሰለኝ» ይላል። በዚህ የተነሳ፣ መኪና ከመታጠፉ በፊት ብልጭ ድርግም በሚለው መብራት ስም ቤተሰቡ ሁሉ «ፍሬቻ» ይለዋል። አክስቴን ግን እሱ እትዬ ነው የሚላት።

ጋሼ ካረፉ በኋላ ፍሬቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና «ሞተሯ እንዳይዝግ አንድ ዙር ላዙራት ነው» ብሎ መኪናዋን ይዟት ይወጣል። ዳገቱን ይወጣል፣ በገበያው በኩል ይዞራል፣ በቁልቁለቱ ይመለሳል። በራችን ላይ ሲደርስ ምርጫ የለውምና እሱም ሁለቴ ይረግጣል። አክስቴ ያን ጊዜ ሁልጊዜ የስፌት መኪናዋ ላይ ነች። ምንም ሥራ ባይኖራት እንኳ ቁራጭ ጨርቅ አስገብታ ትሰፋለች። አንድ ቅዳሜ አጠገቧ ተቀምጬ ቁልፍ እተክል ነበር። የመጀመሪያው ጩኸት ተሰማ፤ እግሯን አነሳች። ሁለተኛው ተሰማ፤ ብድግ አለች። ከዚያ ቆማ ቀረች። እጇን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጋ፣ በሩን ሳትከፍት፣ ትንሽ ቆማ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ሳምንቱን ሙሉ ይህችን ነው የምጠብቃት» አለችኝ ክሩን በመርፌው ዓይን ልታስገባ እየሞከረች። «ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ድረስ ያለችውን። በዚያች መሀል እሱ ነው የሚመጣው። ከዚያ በኋላ ፍሬቻ ይሆናል።»

ክሩን ተቀብዬ እኔ አስገባሁላት።

እንግዲህ ጭንቁ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ልጇ ከወለደች በኋላ ደወለች።

«እማዬ፣ የአባዬን ቃል አልረሳሁም። ግን ሁለቴ ካልተረገጠ በማይቆም መኪና ልጄን አቅፌ ያንን ቁልቁለት አልወርድም። ፓምፑ ይቀየርና በእሷው እንመጣለን።»

«ይቀየራል፣ የኔ ልጅ።»

«ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ።»

ቅዳሜ ፍሬቻ የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ መጣ። «እንግዲህ ወንበር ላይ ልወጣ ነው» ብሎ ወጣና የቁም ሣጥኑን አናት ዳበሰ።

«እትዬ፣ አቧራው ላይ የካርቶኑ ቅርጽ አለ፤ ካርቶኑ የለም።»

«አይጥ ወስዶት ይሆናል።»

«ብረት የሚበላ አይጥ?»

«የዘንድሮ አይጥ ምን የማይበላው አለ ብለህ ነው!»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልጋ ሥር ተፈለገ። በሌላው ቅዳሜ ደግሞ አክስቴ ወገቤን አሞኛል አለች። ፍሬቻም «እንግዲያው ላዙራት ነው» እያለ መኪናዋን አዙሮ ይመልሳል። ፍሬኑ በራችን ላይ ሁለቴ ይጮኻል፤ የልጅ ልጇም ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ አያቷን ሳታይ ታድጋለች። የልጇ ባል በታክሲ እናምጣት ቢል አክስቴ እምቢ አለች፤ «በእኛዋ ሳትመጣ እኔም ሄጄ አላያትም» ብላለች። የሟቹ ቃል እንዳይጠፋ ፓምፑ መቀየር አለበት፤ ፓምፑ ከተቀየረ ደግሞ የሟቹ ድምፅ ይጠፋል። አንዱን ሳትለቅ ሌላውን መያዝ አትችልም፤ ይህን ደግሞ ለልጇ በስልክ እንዴት ብላ ትንገራት?

አንድ ምሽት ልጇ ደወለችና ወሬዋ ሁሉ ስለ ሕፃኗ ሆነ። «ዛሬ እኮ ፈገግ አለች፣ እማዬ።»

አክስቴ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። «ማን ፈገግ በይ ብሏት?»

«ማንም። ዝም ብላ፣ በራሷ።»

አክስቴ ስልኩን ዘጋች። በኋላ «ለፍሬቻ ንገሪው፤ ቅዳሜ በማለዳ ይምጣ» አለችኝ።

በማለዳ መጣ። ያረጀ የሹፌር ኮቱን ለብሷል። አክስቴ ወደ ስፌት ክፍሏ ገብታ ያችን ራስ የሌላት ምስል ወደ ጎን አጋደለቻት፤ እጇን በሥሯ በኩል ወደ ሆዷ ሰድዳ ካርቶኑን ጎትታ አወጣችው። ፍሬቻ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ይህን ያህል ጊዜ በእርግዝና ነበሩ?» አለ ወደ ምስሏ እያየ።

«ዝም በልና ሥራህን ሥራ። ግን ሳትፈታታው አንድ ጊዜ አዙረህ አምጣት።»

«ለምን?»

«ዘይቱ ይሙቅ እንጂ። በቀዝቃዛ ዘይት እንዴት ይፈታል?»

የፍሬን ዘይት እንዲህ ያለ ነገር አይሻም። ፓምፕ ሊፈታ ተብሎ መኪና አዙሮ የሚያሞቅ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ፍሬቻም አላየም። ሊናገር ከንፈሩን ከፈተ፤ አክስቴን አየና መልሶ ገጠመው። በዚያ ዕድሜው ሳይናገር ሲሄድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

አክስቴ ገብታ ተቀመጠች። ቁራጭ ጨርቅ አስገባች፤ መርገጫውን ረገጠች። መርፌው ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ ይላል። ጨርቁ አልቆ መርፌው ባዶውን ሲሰፋ እንኳ አላቆመችም። ከዚያ ከቁልቁለቱ በኩል የሞተሩ ድምፅ መጣ። አንዱ ጮኸ። እግሯ ተነሳ። ፍሬቻ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያዘገየው መሰለኝ። ቆይቶ ሁለተኛው ጮኸ።

«በቃ» አለች አክስቴ። መጋረጃውን ገልጣ «ፍታው!» ብላ ጮኸችለት።

መኪናዋ ግቢው ውስጥ ገባች። ኮፋኖው ተከፈተ፤ ከጎማዎቹ ኋላና ፊት ድንጋይ ተደረገ። ፍሬቻ «የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ጨርቅ አምጪልኝ» ቢላት፣ የሙሽራ ቀሚስ ትራፊ የሆነ ነጭ የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ሰጠችው።

«ይህን? በዘይት ላበላሸው?»

«ሙሽራዋ ከወለደች ቆየች። አንጥፈው።»

አሮጌውን ዘይት በሐኪም መርፌ ስቦ አወጣ። የዘይት ቱቦዎቹን ፈታ፤ አንደኛው ቡሎን አልፈታም ብሎ ላብ በላብ አደረገው። «እንግዲህ ልሳደብ ነው» አለ። «ተሳደብ» አለችው አክስቴ። ተሳደበ፤ ተፈታም። ፓምፑ ሲወጣ መሬት ላይ ተቀምጦ ከፈተውና ከውስጡ አንዲት ትንሽ ጥቁር ጎማ በካቻቪቴ ጫፍ አንስቶ አሳያት። ከኮት ቁልፍ አትበልጥም።

«ይቺ ናት። ያ ሁሉ ጩኸት ከይቺ ነው።»

አክስቴ ተቀብላ ጠርዟን በጥፍሯ ዳሰሰች፤ የጨርቅ ጠርዝ እንደምትዳስሰው። «ተበልታለች» አለች። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

አዲሱ ፓምፕ ገባ። የቀረው በቱቦዎቹ ውስጥ የተያዘውን አየር ማስወጣት ነው፤ ይህ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ውስጥ ተቀምጦ ይረግጣል፤ ሌላው ጎማው ሥር ሆኖ ትንሿን መተንፈሻ እየከፈተ ይዘጋል። የተረገጠው ደግሞ መተንፈሻው ሳይዘጋ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። ይህን የመርገጥ ሥራ በጋሼ ጊዜም አክስቴ ነበረች የምትሠራው። ዛሬም እሷው ገባች። የጋሼ ወንበር መሀሉ ጎድጉዷል፤ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ስትል ከመሪው በላይ ዓይኗ ብቻ ይታይ ነበር። እኔ ኮፋኖው ዘንድ ቆሜ ዘይቱ በጎደለ ቁጥር እጨምራለሁ።

«እርገጪ!» አለ ፍሬቻ ከኋላው ጎማ ሥር።

«ረገጥኩ።»

«ያዢ... ያዢ... ዘግቻለሁ፤ ልቀቂ! እርገጪ! ቀስ፣ እትዬ፣ ቀስ! የስፌት መኪና አይደለም!»

መተንፈሻው ላይ ከተሰካችው ቀጭን ላስቲክ፣ ከሥሯ ወደተቀመጠው ብርጭቆ ዘይት ከነአረፋው ይንቆረቆራል። አንዱ ጎማ አለቀ፤ ወደ ሌላው ዞረ። በእያንዳንዱ ርግጫ መርገጫው ከፍ እያለ፣ እየጠነከረ ይመጣ ነበር። ይህን ከእኛ ሁሉ አስቀድሞ የምታውቀው የእሷ እግር ናት። ፊቷ ላይ ይታየኛል። የመጨረሻው ጎማ ላይ ሲደርሱ ፍሬቻ «ያዢ» እንዳለ፣ ልቀቂ ሳይላት እግሯን አነሳች። አረፋው ከብርጭቆው ወደ ላስቲኩ ተመልሶ ሽቅብ ሮጠ።

«ኧረ እትዬ!»

እንደገና ጀመሩ። እንደገና አነሳች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ፍሬን እንዲሠራ አትፈልጊም እንዴ?»

ፍሬቻ ከጎማው ሥር ወጣ። እጁን በሙሽራ ጨርቅ እየጠረገ መጥቶ በሾፌሩ በር አጠገብ ቁና ቁና እየተነፈሰ ቁጢጥ አለ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልተናገረም።

«ዘይቱ ይሙቅ ስትዪኝ ነው የገባኝ» አለ ዝቅ ብሎ።

«ምኑ?»

«እኔስ ቅዳሜ ቅዳሜ የምመጣው ሞተር እንዳይዝግ ብዬ ይመስልሻል? ሞተር በወር አንዴ ቢነሳ ይበቃዋል። አውቶቡስ ስነዳ ስኖር ሁለቴ የሚረገጥ ፍሬን ነድቼ አላውቅም። በዚህች ላይ ስቀመጥና ስረግጥ እግሬ የእኔ አይደለም። የእሱ እግር እዚያ ጋ አለ። እሱ እንዳደረገው ነው የማደርገው።»

አክስቴ መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀጥታ ወደ ፊት፣ ወደ ግቢው ግድግዳ አየች። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ሁሉን የምትናገር ሰው!»

«ይህን ከተናገርኩት በኋላ ምን እላለሁ ብዬ።»

ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል፤ ድው ድው ይላል።

«ልጅቷ ፈገግ ማለት ጀምራለች» አለች አክስቴ።

«ሰምቻለሁ።»

«ማንም ሳይላት።»

«የእሱ ዘር አይደለችም በዪኛ» አለና ሳቀ፤ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «እንግዲህ ልተኛ ነው» ብሎ ወደ ጎማው ሥር ተመለሰ።

«እርገጪ!»

«ረገጥኩ።»

«ያዢ...»

ያዘች። ያዘች። ላስቲኩ ውስጥ አንዲት የመጨረሻ አረፋ ተንከባልላ ብርጭቆው ውስጥ ገባችና ጠፋች። ከኋላዋ ጥርት ያለ ዘይት ብቻ መጣ።

«ልቀቂ!»

ያን ጊዜ ለቀቀች። እግሯን መልሳ አሳረፈችው፤ መርገጫው እንደ ወለል ጠጣር ሆኖ ጠበቃት።

ፍሬቻ ሊሞክራት ይዟት ወጣ። አክስቴ እጇን ታጠበች፤ እንደ ልማዷ ገብታ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። መኪናዋ ከቁልቁለቱ ስትወርድ ሰማናት። አንድ አጭር ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን አልነበረም፣ ጩኸትም አልነበረም፣ መሳቢያ ሲዘጋ የሚያሰማው ዓይነት ነው። መኪናዋ ቆመች። አክስቴ እግሯን አንስታ ጠበቀች። ከዚያ ሳናስበው ሁለተኛው ተሰማ። ፍሬቻ ለቆት፣ ስንዝር ያህል አስኪዶ፣ ዳግመኛ ረግጦት ነው።

አክስቴ ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

«ምነው? አልተሠራም እንዴ?» አለችው።

«ተሠርቷል።»

«ታዲያ ሁለተኛው ምንድን ነው?»

ፍሬቻ መሪው ላይ አቀረቀረ። «ለአንቺ ብዬ ነዋ፣ እትዬ። ከፈለግሽ ሁልጊዜ እንዲህ አደርግልሻለሁ።»

አክስቴ በሩን ከፍታ ከጎኑ ተቀመጠች። ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ቀሚሷን ከበሩ ሰብስባ ዘጋችው።

«አታድርግልኝ» አለች። «ልጅቷ ትደነግጣለች። በል ንዳ፤ ሳይመሽ እናምጣት።»

«እንግዲህ ልነዳ ነው» አለ ፍሬቻ።

እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ምስሏን ወደ ቦታዋ መለስኳት፤ የተበታተነውን ክር ሰበሰብኩ፤ ከዚያ ምን እንዳገፋፋኝ እንጃ የአክስቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ከመስኮቱ እየሸሸ ነበር። መኪናዋ ስትመጣ ከሩቅ አወቅኋት። በራችን ላይ ያ የመሳቢያ ድምፅ ተሰማ። እግሬን አንስቼ ጠበቅሁ። ሁለተኛው እስኪመጣ ጠበቅሁ። ጋሼ ካሜራቸውን አንግተው፣ ፊታቸውን ቋጥረው ሲወርዱ ታየኝ፤ ሊደርሱ ጥቂት ብቻ የቀራቸው ይመስል ነበር።

በሩ ተንኳኳ። በመስኮቱ አየሁ፤ አክስቴ ነበረች፣ ነጭ ጥቅል አቅፋ፣ ልጇን ከኋላዋ አስከትላ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። «መጥተናል እኮ። ክፈቺ።»